የትርንጎ ሦስተኛ ልኬት

ሥራዬን ከማንም አልደብቅም፤ የሚደብቁልኝ ቀጣሪዎቼ ናቸው። መታወቂያዬ ላይ «የጫና ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል። ድንቄም ባለሙያ! ሰፈሩ በሙሉ መርዶ ነጋሪ ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ እውነቱም እሱ ነው። ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እናትሽ ሞተች፣ አባትህ ሞተ እያልኩ እነግራለሁ። አልሞቱም። ልጁ ደንግጦና አልቅሶ በስንት ደቂቃ እንደሚረጋጋ እጁ ላይ ያለው አምባር ይቆጥራል። ከዚያ በሩ ይከፈትና ሞተ የተባለው ሰው ይገባል። ሥራዬ ይኸው ነው።

ፌቨን እባላለሁ፤ በዚህ በ2076 ዓ.ም. ስልሳ አራት ዓመት ሞላኝ። በእኔ ልጅነት አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ፌቨን ነበርን። አሁን የስም ፋሽኑ ተገልብጦ ጥርሳቸውን ያልነቀሉ ሕፃናት ባፈና፣ ወርቅያንስ፣ ትርንጎ ይባላሉ። የእኔ ስም ሲጠራ «አይ የጥንት ሰው!» እያሉ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ፤ ሳቅ እስካሁን አይቆጠርም።

አባቴ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበር። እኔ ጥሩምባውን አልወረስኩም፤ አፉን ነው የወረስኩት። ሰው ሩቅ አገር ሞቶ ዘመድ የሚረዳ ሲሆን «ፌቨንን ጥሯት» ይባል ነበር። ማን ከኋላ ሆኖ እንደሚይዝ፣ ማን ውኃ ይዞ እንደሚቆም፣ «ታሟል» ከሚለው ተነስቶ እንዴት ወደ «አርፏል» እንደሚደረስ አውቅበታለሁ። ልጆቹን የሚለካው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ በማሽን ድምፅ ሞክሮ ነበር፤ ልጆቹ ሳቁበት። ቀጥሎ ወጣት ባለሙያዎች ቀጠረ፤ እነሱ ደግሞ ገና ሳይናገሩ ያለቅሱ ጀመር። በመጨረሻ እኔን አገኙ። ምነው እሺ አልሽ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፦ እኔ ካልነገርኩ ሌላ ሰው ይነግራቸዋል፤ ሌላው ደግሞ አያውቅበትም። ይህን ለራሴ እየነገርኩ ስድስት ዓመት ሠራሁ። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ።

የልኬት ክፍሉ ከጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው አጠገብ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጆግ ውኃ፣ አንድ ካሜራ፣ ሁለት በር አለው። በአንደኛው በር ልጁ ይገባል። ከሁለተኛው በር ጀርባ ወላጁ ይቆማል። ወላጅ በልኬቱ ቀን ጠዋት ከሥራው ይጠራል፤ ግማሽ ሰዓት ይፈቀድለታል። የልጁ ልብ እስኪመለስ ድረስ ከበሩ ጀርባ ሆኖ ልቅሶውን ይሰማል። አረንጓዴው መብራት ሳይበራ ከገባ ልኬቱ ተበላሽቷል ይባልና ለልጁ መጥፎው ውጤት ይያዝበታል። ስለዚህ አይገቡም። አንዳንዱ አባት ጆሮውን ደፍኖ ይቆማል። አምና አንዲት እናት ራሷን ስታ ወደቀች፤ እሷም ቅጽ ተሞላባት። ሲፈቀድላቸው ሁሉም እየሮጡ ገብተው «አለሁ፣ አለሁ» ነው የሚሉት። ትንንሾቹ ይጠመጠሙባቸዋል። ትልልቆቹ ግን ቀና ብለው ያዩአቸውና ወደ እኔ ዞረው «ክፍል ልመለስ?» ይላሉ። ጥሩ ልክ ያላቸው እነዚህ ናቸው።

በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የተመለሰ ልጅ «ጽኑ» ይባላል። ከዚያ ካለፈ «ልል» ነው። ሦስት ጊዜ ልል የሆነ ቆላ ወዳለው ማጠንከሪያ ይላካል፤ ቤቱን የሚያየው በዓመት አንዴ ነው። ማጠንከሪያ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የፈለገ የጎረቤቴን ልጅ አሸብርን ይይ። የሄደ ቀን የውሻውን ጆሮ እየሳመ፣ እየጮኸ ነው የተጫነው። ሲመለስ አሥር ዓመቱ ነበር። በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ውሻ በራቸው ላይ መኪና ገጨው። ልጁ ቆሞ አየው፤ ተራምዶት ገባና እናቱን «ምሳ ምንድን ነው?» አላት። ይህን ስትነግረኝ እናቱ ትስቅ ነበር። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

አባቴ አንድ ሕግ ነበረው፤ «ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም» የሚል። ሊያረዳ ሲሄድ ከቤት ዳቦ ይዞ ነው የሚወጣው። ዘመድ የሞተበትን ሰው በወሬ ይዞ፣ በጨዋታ አታሎ፣ ሁለት ቁራሽ ያስበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚናገረው። ለሦስት ቀን እህል እንደማይቀምስ ያውቃላ! እኔም ከእሱ ለምጄ ሳላቀምስ የነገርኩት ሰው የለም። የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ደግሞ «ማንኛውም ቅድመ ምልክት ክልክል ነው» ይላል። መመሪያ ምን ያውቃል! ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጫፉ ላይ ዳቦ ቋጥሬ እገባለሁ። ለካሜራው ጀርባዬን ሰጥቼ ልጁን አጎርሰዋለሁ፤ ከዋጠ በኋላ አባቱን እገድልበታለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ስሠራ ትምህርት ቤታችን ከዞኑ አንደኛ ሆነ። ልጆቻችን በአራት፣ በአምስት ደቂቃ ይመለሳሉ። የልኬት ኃላፊያችን አቶ ያፌት የምስክር ወረቀቱን በር ላይ ሰቀለው። ምስጢሩ ምን እንደሆነ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

የካቲት ላይ በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው አጠገብ ሴቶች ልጆች ሲጫወቱ ደረስኩ። አንደኛዋ፣ ወርቅያንስ የምትባል የአራተኛ ክፍል ቀበጥ፣ የሹራቧን እጅጌ አንገቷ ላይ ጠምጥማ እኔን ሆናለች። ፊት ለፊቷ ለተቀመጠችው ልጅ ቅጠል ታጎርሳለች።

«ጉረሺ የኔ እናት፤ ጉረሺልኝ። አባትሽ ትናንት ትንሽ አሞት ነበር…»

ተቀማጯ በሳቅ ፍርስ ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሌሎቹም ሳቁ። ወርቅያንስ ዞር ስትል ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ደርቃ ቀረች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ጨዋታ ነው እማማ።»

«ቅጠሉ ምንድን ነው?»

«ዳቦ ነዋ!» አለች፤ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል አስተያየት። «ዳቦ ከሰጡን ውሸት ነው ማለት ነው። ሁሉም ያውቃል።»

«ካልሰጠሁስ?»

«ያኔማ እውነት ነው።»

እኔ ለራሴ ዓላማ የማበላቸው ዳቦ ለእነሱ ሌላ ነገር ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ እውነተኛ መርዶ ተናግሬ ስለማላውቅ፣ ዳቦና ውሸት አንድ ላይ እንደሚመጡ ተማሩ፤ ታላቁ ለታናሹ እየነገረ መጣ። በዞኑ አንደኛ ያሰኘን ጽናት ይኸው ነው። እንደ ሕጉ በዚያው ሰዓት ለአቶ ያፌት ማመልከት ነበረብኝ። ምን ቆርጦኝ! በማግሥቱ ዳቦውን በዛ አድርጌ ነው የጋገርኩት።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ቤቴ መጣ። ዳግም ይባላል፤ የመስታወት ፋብሪካው ምድጃ ላይ የሚሠራ፣ ክንዶቹ በቃጠሎ ጠባሳ የተሞሉ፣ አንገቱን የደፋ ሰው። ትርንጎ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ልጅ አለችው፤ ዘንድሮ ከሌላ ከተማ ተዛውራ ነው የመጣችው። እንዲቀመጥ ብለምነው እምቢ ብሎ ቆሞ ቀረ።

«ሁለት ልል አለባት እማማ» አለኝ። «አንድ ነው የቀራት።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«የመጀመሪያው እንዴት እንደመጣባት ግን አያውቁም። እናቷ ስትሞት ነው። እውነት ስትሞት። ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ጠርተው ነገሯት፤ አምባሩ ቆጠረ። አርባ ደቂቃ አለቀሰች። ልል አሏት።»

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ «በተፈጥሮ የመጣ ጫና» ይሉታል፤ እንደማንኛውም ልኬት ይያዛል። መመሪያው «ማዘን ሌላ፣ መመለስ ሌላ» ይላል። ያን ቀን ግን ይህን በአፌ መናገር አፈርኩ።

«ሁለተኛው የውሸት ነበር፤ እዚያው የድሮ ትምህርት ቤቷ» አለ ዳግም። «እኔ ሞትኩ። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ሰማኋት። ስገባ ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችኝ። ደስ ብሏት ጮኸች። ከዚያ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግራ እያየች ‹እማዬስ? እሷ መቼ ነው የምትገባው?› አለችኝ።»

እዚህ ላይ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ።

«ውሸት ነው ብዬ ላስጠናት አልችልም» አለኝ። «አንዴ እውነት ሆኖባታል። ሞተ ባሏት ቁጥር ለእሷ ሞቻለሁ ማለት ነው። እማማ፣ እውነቱንና ውሸቱን የምትለይበት አንድ ምልክት ይስጡኝ። እሷን ከወሰዱብኝ እኔ ቤት ማን አለ?»

አንጀቴን በላው። የማውቀውን ነገርኩት። «እማማ ፌቨን ዳቦ ካጎረሰችሽ አባትሽ ደህና ነው በላት። ካላጎረሰችሽ…»

«እርግጠኛ ነዎት? አንድ ቀን ተሳስተው…»

«የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ!» አልኩ። «ለእውነተኛ ሞት ዳቦ አላወጣም።»

እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከልኩት። ሲወጣ ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው።

የትርንጎ ልኬት ለሚያዝያ መጨረሻ ሐሙስ ተያዘ። ግቢ ውስጥ ሳገኛት ከሩቅ ዳቦ ይሸተኝ ይሆን እያለች መሰለኝ፣ ነጠላዬን ታያለች። ቀጭን ናት፤ ከሰው ጋር አትጫወትም፤ ግን ፈገግ ትልልኝ ጀመር። እኔም ለሐሙስ ተዘጋጅቼ ነበር።

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አቶ ያፌት አስጠራኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም፤ ሰነፍም አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስክሪን ወደ እኔ አዞረው። እኔ ያለ መነጽር አላይም።

«ምን ይላል?»

«ፋብሪካው ውስጥ ምድጃ ፈንድቷል። የትርንጎ አባት ሞቷል።»

«ውሸት ነው?» አልኩት። እንዲህ ብዬ መጠየቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሞተ ማለት የእኔ ሥራ ስለነበር፣ ሌላ ሞት መኖሩን ረስቼው ነበር።

«እውነት ነው እማማ ፌቨን። ለአክስቷ ደውለን ነግረናታል፤ ከሥራ ለመልቀቅ አንድ ሰዓት ይፈጅባታል።»

«እንግዲያው ልጅቷ ክፍሏ ትቆይ። አክስቷ ትመጣና ምንም ሳትሰማ ትወስዳታለች። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዤ ሄጄ፣ በወጉ እነግራታለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ፋብሪካው መዝግቦታል። ከተመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ መነገር አለበት። እርስዎ ካልነገሯት የክፍሏ ስክሪን ራሱ ይነግራታል፤ በሠላሳ ልጅ ፊት።»

«ይሁን ይነገራት፤ አይቆጠርባት ግን። አምባሩን አውልቅላት!»

«አይቻልም። በተፈጥሮ የመጣ ጫና…»

«አንተ ልጅ! የዘጠኝ ዓመት ሕፃን እናቷ ሞታ ተቆጠረባት፣ ዛሬ አባቷ ሞቶ ይቆጠርባት? ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ ካለቀሰች ቀብሩ ሳያልቅ ልትጭኗት ነው?»

«እኔ አይደለሁም የምጭናት» አለ። «ሥርዓቱ ነው። እኔ ብሰርዝ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ሞክሬ አውቃለሁ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ወረቀቱስ ይቀደዳል። ወጣሁ። ዳቦው ነጠላዬ ጫፍ ላይ አለ፤ ጠዋት ለሌላ ልጅ ያመጣሁት ነው። ከቢሮው እስከ ልኬት ክፍሉ ኮሪደሩ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። አርባ እርምጃ ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ዳቦ ካልሰጠኋት እውነቱን ታውቃለች፤ የአባቷን ልቅሶ ታለቅሳለች፤ ልቅሶው ይቆጠርባትና ወደ ቆላው ትሄዳለች። ዳቦ ከሰጠኋት አታለቅስም፤ አክስቷ ጋ ትቀራለች። ግን አባቷ በእኔ ቃል የነገራትን አንድ ነገር፣ እሱ በሞተበት ቀን፣ ውሸት አደርገዋለሁ። አሸብር ውሻውን የተራመደበት እግር ትዝ አለኝ። አጥንት ይፋረደኝ ብያለሁ፤ እንግዲህ ይፋረደኝ አልኩ።

ትርንጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ስገባ ዓይኗ ቀጥታ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ሄደ። ለካሜራው ጀርባዬን ሰጥቼ ቋጠሮውን ፈታሁ። ጠብቆ ስለነበር ቶሎ አልፈታ አለኝ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አገዘችኝ። አጎረስኳት። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት፤ እፎይ አለች። ሌላ ቁራሽ ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት።

ከዚያ ነገርኳት። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ መርዶ ተናግሬ አላውቅም። ምድጃውን ነገርኳት፤ እንዳልተሠቃየ ነገርኳት፤ ስሙን ሙሉ አድርጌ ጠራሁ። ማንም ሰው ሰምቶ የማይጠራጠረው መርዶ ነበር። ትርንጎ ዳቦዋን እያኘከች ሰማችኝ። ስጨርስ ለወጉ ያህል ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ በጣም ቀስ ብላ «አባዬ ነግሮኛል» አለችኝ፤ በዓይኗ ልትጠቅሰኝ ሞከረች፤ አልቻለችበትም፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ተጨፈኑ።

አቶ ያፌት ገባ፤ አምባሩን አነበበ። «ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ጽኑ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። የገባው ይመስለኛል። ቀስ ብሎ «የቀኑ መዝገብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለኝና ወጣ። እስከዚያ ካለቀሰች ውጤቱ ይስተካከላል ማለቱ ነው።

ትርንጎ ሁለተኛውን በር እያየች ቆየች። በሩ አልተከፈተም።

«አባዬ ሥራ በዝቶበት ነው እንዴ?» አለችኝ።

አሁን ብናገር ተቆጠረባት። «ክፍልሽ ግቢ የኔ ልጅ» አልኳት። እየዘለለች ሄደች። የክፍሏ ልጆች ልኳን ሰምተው አጨበጨቡላት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አክስቷ ኤልሻዳይ ስትደርስ ብቻ ወጥቼ፣ በር ላይ አስቁሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ ለመንኳት። እሷም እንባዋን ዋጥ አድርጋ ከደጅ ቆመች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዝገቡ ተዘጋ። በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። አድኛታለሁ ብዬ ነበር፤ ሌላው ነገር በእርጋታ ይነገራታል ብዬ ነበር።

ማታ አክስቷ ነገረቻት። ትርንጎ አንገቷን ነቅንቃ «እሺ» አለች። በማግሥቱ የእድሩ ድንኳን ተተከለ፤ ልጅቷ ወጥታ ገመድ ሲወጠር አየች። ሕፃን ናት ተብሎ ከቀብር አስቀሯት፤ ሣጥኑም ታሽጎ ነበር የመጣው፤ ስለዚህ ምንም አላየችም። ለቅሶ ደራሹ ሲመጣ ትነሳለች፤ ወንበር ታቀብላለች። ሴቶቹ ይንሾካሾኩ ጀመር። «ምነው ይቺ ልጅ? የእንጀራ ልጁ ናት እንዴ?» አለች አንዷ፤ እንድትሰማ አድርጋ። ሌላዋ «የዛሬ ልጅ ድንጋይ ነው፤ ትምህርት ቤት እንዲህ አድርገው ያወጧቸዋል» አለች። እውነቷን ነው። ትርንጎ ሁለቱንም ሰማች፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። ኤልሻዳይ ወደ ጓሮ ወስዳኝ «እማማ፣ አልቻልኩም» አለች። «ሌሊት የአባቷን ልብስ አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችለት። ሲነጋ ደግሞ የሥራ ጫማውን ወለወለችው። ምን ልበላት?»

በሦስተኛው ቀን፣ የሰልስቱ ዕለት፣ ሰው ቀለል ሲል ትርንጎን ይዣት ወደ ጓዳ ገባሁ። ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዳቦ አልያዝኩም። ባዶ እጄን ዘርግቼ አሳየኋት፤ ነጠላዬን አራግፌ አሳየኋት። አየችው።

«ስሚኝ ትርንጎ» አልኳት። «ያን ቀን ዳቦ የሰጠሁሽ ውሸት ስለነበረ አይደለም። እንዳይወስዱሽ ብዬ ነው። አታለልኩሽ። ልኬቱ አልቋል፤ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ማንም አይቆጥርም። አልቅሺ የኔ ልጅ። አባትሽ ሞቷል።»

«እሺ እማማ» አለች።

«እሺ አትበይኝ! ሞቷል እኮ ነው የምልሽ! ቀበርነው፤ እኔ ራሴ አፈር ጣልኩ። አይመጣም። አይመጣም ትርንጎ።»

«እሺ።» አምባሯን በሌላኛው እጇ ሸፈን አደረገችው።

አርባ ዓመት መርዶ ተናግሬያለሁ። አንድም ቀን ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ነጋሪ አያለቅስም፤ ነጋሪ ካለቀሰ የሚይዝ ይጠፋል። ያን ዕለት ግን ገነፈለብኝ። ለዳግም አለቀስኩ፤ ለአባቴ አጥንት አለቀስኩ፤ ዳቦ አጉርሼ ለሰደድኳቸው ልጆች ሁሉ አለቀስኩ። ወለሉ ላይ ወርጄ ደረቴን መታሁ። አብራኝ ታለቅሳለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ የልቅሶ ነገር ይጋባል። እሷ ግን ከፍራሹ ወርዳ አጠገቤ ተንበረከከች። ደረቴን የምመታበትን እጄን ያዘችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። በቀሚሷ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

«አይዞዎት እማማ» አለችኝ፤ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ። «እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነበርኩ። ቀስ ብለው ይተንፍሱ። የእርስዎንም እየቆጠሩ ይሆናል።»